መግቢያው ሌላ፣ ገንዘቡ ሌላ
የገንዘብ እርዳታ ፈልጎ ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ስለማመልከት



በዚህ እትም ብዙዎቻችሁ ከዐስር ሶላት በኋላ ስትጠይቁኝ የከረማችሁትን ጉዳይ ይዤ ቀርቤያለሁ። ጥያቄው «ቤተሰቤ አቅም የለውም፤ አሜሪካ አመልክቼ መማር እችላለሁ ወይ?» የሚል ነው። አጭሩ መልስ «ይቻላል፣ ግን ከባድ ነው» የሚል ነው። ረጅሙ መልስ ግን ከፎርሙ ላይ ካለች አንዲት ጥያቄ ይጀምራል። እኔ የወደቅኩት እዚያች ጥያቄ ላይ ስለሆነ ከራሴ ልጀምር።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ቀን የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ማታ መድረሳ እየተማርኩ፣ በመሀል የማገኛትን ሰዓት ኢንተርኔት ቤት እያሳለፍኩ ለሦስት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አመለከትኩ። ፎርሙ ላይ «የገንዘብ እርዳታ ለመጠየቅ አስበሃል?» የሚል ጥያቄ መጣ። ከእኔ በፊት የሞከረ አንድ ጓደኛዬ «አዎ ካልክ ይጥሉሃል፤ መጀመሪያ ግባ፣ ገንዘቡን በኋላ ትጠይቃለህ» ብሎኝ ስለነበር «አይ» የሚለውን ነካሁ።

መጋቢት ላይ ከአንዱ «ተቀብለንሃል» የሚል ደብዳቤ መጣ። ሰፈሩ ሁሉ ሰማ፤ እናቴ ቡና አፍልታ ጎረቤት ጠራች፤ ዱዓ ተደረገ። በሳምንቱ ሁለተኛው ደብዳቤ ደረሰ፦ የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ፣ ከ60,000 ዶላር በላይ፣ መክፈል እንደምንችል የሚያሳይ የባንክ ማስረጃ ላኩ። እርዳታ እንዲሰጡኝ ጻፍኩ። መልሱ ትሑትና አጭር ነበር፤ ሲያመለክት እርዳታ ያልጠየቀ የውጭ አገር ተማሪ ከተቀበልነው በኋላ መጠየቅ አይችልም።

አንድ ዘመዳችን መላ አመጣ። ከነጋዴ ወዳጆች ገንዘብ አሰባስበን አባቴ ሒሳብ ውስጥ ለሳምንት እናስቀምጥ፣ ማስረጃውን እናውጣ፣ ገንዘቡን እንመልስ፤ «ሁሉም የሚያደርገው ይህንኑ ነው» አለ። አባቴ የጨርቅ ሱቅ ነው ያላቸው። ዝም ብለው ሰምተው ሲያበቁ «ገንዘቡ የእኔ አይደለም፤ የእኔ ነው ብዬ እንዴት እፈርማለሁ?» አሉ። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩና «ይሁን፣ ወረቀቱም ይገኝ፣ ቪዛውም ይገኝ። እዚያ ስትደርስ በምን ትከፍላለህ ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ። ለዚህ ጥያቄ ከመካከላችን መልስ ያለው ሰው አልነበረም።

እዚህ ካምፓስ የመጣሁት በዚህ ነው፤ አልሐምዱሊላህ፣ በመምጣቴ አልተጸጸትኩም። ዘንድሮ ግን ታናሽ እህቴ 12ኛ ክፍል ደርሳ ማመልከቻውን አብረን ሞላን። የምጽፍላችሁ ከዚያ ስሕተትና ከዚህ ሥራ የተማርኩትን ነው።

1. ገንዘቡ የሚመጣው ከማን ነው?

አሜሪካ ያለ ዘመድ ብዙ ጊዜ «ፋፍሳ ሙሉ» ይላል። ፋፍሳ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የተማሪ እርዳታ ፎርም ነው። የሚያገለግለው ለዜጎች፣ ግሪን ካርድ ላላቸውና እንደ ስደተኛ ያሉ የተወሰነ ሕጋዊ ሁኔታ ላላቸው ነው። በዲቪ የሄደ የአጎታችሁ ልጅ ተጠቅሞበት ይሆናል፤ ከዚህ በተማሪ ቪዛ ለሚሄድ ግን አይሠራም።

ስለዚህ ለእኛ ዋናው ምንጭ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ነው። ከዩኒቨርሲቲው የሚመጣው ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በውጤትና በችሎታ የሚሰጥ ስኮላርሺፕ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ከወጪው የተወሰነውን ብቻ ይሸፍናል። ሁለተኛው በቤተሰብ አቅም የሚሰላ እርዳታ ነው፤ ከጠቅላላው ዓመታዊ ወጪ ላይ ቤተሰብ መክፈል የሚችለው ተቀንሶ ቀሪው «ፍላጎት» ይባላል። ወጪ ማለት የትምህርት ክፍያ ብቻ አይደለም፤ መኝታ፣ ምግብ፣ መጽሐፍና የጤና መድን አለበት። በብዙ የታወቁ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ይህ ድምር ዛሬ በዓመት ከ80,000 ዶላር በላይ ነው። የክፍለ ግዛት ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው ለውጭ አገር የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በአቅም የሚሰላ እርዳታ አይሰጡም፤ ቢሰጡም ጥቂት ነው። ስማቸው ስለታወቀ ብቻ ወደ እነሱ መሮጥ የማመልከቻ ገንዘብ ማባከን ሊሆን ይችላል።

2. «አዎ» ማለት መቼ ይጎዳል?

ጓደኛዬ የነገረኝ ሙሉ በሙሉ ውሸት አልነበረም፤ ግማሽ እውነት ነበር። ዩኒቨርሲቲዎችን በዚህ ጉዳይ በሦስት ከፍላችሁ እዩአቸው።

የመጀመሪያዎቹ «ኒድ ብላይንድ» ይባላሉ፤ ተማሪውን ሲመርጡ የቤተሰቡን አቅም አያዩም። አብዛኞቹ ይህን የሚያደርጉት ለአሜሪካውያን ብቻ ነው። ለውጭ አገር ተማሪም እንዲሁ አድርገው፣ ለተቀበሉት ሁሉ ሙሉ ፍላጎቱን የሚሸፍኑት ጥቂት ናቸው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት ከቆዩት መካከል ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ዳርትመዝና ቦውዶይን ተጨመሩ፤ ብራውንም እ.ኤ.አ. በ2025 ከሚገቡት ተማሪዎች ጀምሮ በዚህ ውስጥ ገብቷል። እነዚህ ዘንድ «አዎ» ማለት አይጎዳም። ችግሩ ሌላ ነው፤ ውድድሩ እጅግ ጠባብ ነው።

ሁለተኛዎቹ «ኒድ አዌር» ናቸው። የምትፈልጉት ገንዘብ በምርጫው ውስጥ ይታያል፤ ከተቀበሉ ግን ሙሉውን የሚሸፍኑ አሉ። ስታንፎርድ፣ ዊሊያምስና ስዋርዝሞር ለውጭ አገር ተማሪ እንዲህ ናቸው። እዚህ ላይ «አዎ» ማለት ዕድልን ያጠብባል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን «አይ» ብሎ መግባት እኔ ወደገባሁበት ገደል ነው የሚያደርሰው፤ ብዙዎቹ በመጀመሪያ ያልጠየቀውን በኋላ አይሰሙትም፣ አንዳንዶቹም አራቱን ዓመት በሙሉ ይዘጉበታል።

ሦስተኛዎቹ ይቀበላሉ፣ ገንዘቡን ግን አይሞሉም። ወጪው 70,000 ዶላር ሆኖ 30,000 ስኮላርሺፕ ሰጥተው 40,000ውን «ከቤተሰብ» ይላሉ። ደብዳቤው ያማረ ነው፤ የሱቅ ነጋዴ ልጅ ግን አይሄድበትም።

ከእነዚህ ውጭ ለየት ያለም አለ። በኬንታኪ የሚገኘው ቤሪያ ኮሌጅ ከማንም ተማሪ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም፤ ተማሪው ሁሉ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት በኮሌጁ ውስጥ ይሠራል። የሚቀበላቸው የውጭ አገር ተማሪዎች ቁጥር ግን ትንሽ ነው።

እህቴ ዝርዝሯን ስትሠራ ያስቀመጥነው ሕግ ቀላል ነው፤ ለውጭ አገር ተማሪ ሙሉ ፍላጎት የማይሸፍን ዩኒቨርሲቲ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ሃያ የነበረው ዝርዝር ወደ ስምንት ወረደ። ስምንቱ ግን ቢቀበሏት መሄድ የምትችልባቸው ናቸው።

3. የቤተሰብን ገቢ በእውነት መጻፍ

ብዙ የግል ዩኒቨርሲቲዎች የቤተሰብን አቅም የሚጠይቁት ሲኤስኤስ ፕሮፋይል በሚባል ፎርም ነው። ለመላክ ዶላር ያስከፍላል፤ መክፈል ለማይችል የውጭ አገር ተማሪ የነፃ መላኪያ ኮድ የሚሰጡ፣ ወይም በምትኩ ነፃ የወረቀት ፎርም የሚቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች ስላሉ አስቀድማችሁ በኢሜይል ጠይቁ። ፎርሙ የተዘጋጀው የደመወዝ ወረቀትና የግብር ሰነድ ላለው ቤተሰብ ነው። የእኛ ቤቶች ነጋዴ፣ ገበሬ፣ የቀን ሠራተኛ ስለሆኑ እነዚህን ነጥቦች አስተውሉ።

ሽያጭ ገቢ አይደለም። አባቴ በወር የሚሸጡት ብዙ ይመስላል፤ ከዚያ ላይ የዕቃው ዋጋ፣ የሱቁ ኪራይና ግብሩ ሲነሳ የሚተርፈው ነው ገቢ። እኛ የሦስት ወር የሱቅ ደብተር ይዘን ቁጭ ብለን ነው ያሰላነው።

ብርና ዶላርን አታደባልቁ። አንድ ቤተሰብ በወር 15,000 ብር ቢያገኝ በዓመት 180,000 ብር ነው። ለስሌት እንዲቀል አንድን ዶላር በ150 ብር ብናስበው 1,200 ዶላር ይሆናል። ዶላር በሚጠይቀው ቦታ 180,000 ብሎ የጻፈ ተማሪ አባቱን በአንድ ሌሊት ሀብታም አደረጋቸው፤ እርዳታውም ቀረ። ምንዛሪውም የዕለቱ ይሁን። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ገበያ መር ከሆነ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በድሮው ምንዛሪ የሚያሰላ ሰው የቤተሰቡን አቅም ከእጥፍ በላይ ይጽፋል።

መሬት ይብራራ። ፎርሙ የቤትና የመሬት ዋጋ ይጠይቃል። በእኛ ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው የመጠቀም መብት እንጂ የመሸጥ መብት የለውም። የአሜሪካ መርማሪ ይህን ላያውቅ ስለሚችል የልዩ ሁኔታ ማብራሪያ በሚጻፍበት ቦታ በሁለት መስመር ንገሩት። የታመመ ወላጅ፣ የተቃጠለ ሱቅ፣ የምትጦሩት አያት ካለም የሚጻፈው እዚያው ነው።

ወረቀት አሰባስቡ። የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ደረሰኝ፣ ደመወዝ ያለው ደግሞ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ ምንም ወረቀት የሌለው የቀበሌ ደብዳቤ፤ ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር።

ከዚያ ቤተሰቡ መክፈል የሚችለው ስንት ነው የሚለው ይመጣል። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ውሸት ይፈትነናል። አንዱ ያለንን መደበቅ ነው። ሌላው ብዙም የማይወራለት፣ «ርካሽ» ሆኖ ለመታየት የሌለንን መጻፍ ነው። «ቤተሰቤ 10,000 ይከፍላል» ብሎ የገባ ተማሪ ያንን 10,000 አራት ዓመት ሙሉ በየዓመቱ ይጠየቃል። አባቴ ደብተራቸውን ዘግተው «በዓመት 500 ዶላር፣ እሱም በችግር» አሉ። እህቴ ቁጥሩን ስትጽፍ እጇ ተንቀጠቀጠ፤ ትንሽ ነዋ። ግን እውነት ነው፤ የተጻፈውም ያ ነው።

የተበደረ ገንዘብ አስቀምጦ ማስረጃ ማውጣትን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። አማናን መብላት መሆኑ ለእኛ ግልጽ ነው። በዚያ ላይ በአሜሪካ ሕግ ለቪዛ ሆን ብሎ ሐሰት ማቅረብ ዕድሜ ልክ ከቪዛ ሊያስከለክል ይችላል።

4. ቀን፣ ክፍያና ስም

ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ኮመን አፕ በሚባል የጋራ ማመልከቻ ይቀበላሉ። በአንድ አካውንት እስከ 20 ዩኒቨርሲቲ ይላካል፤ ዋናው ጽሑፍ ከ650 ቃል አይበልጥም። የመጀመሪያው ዙር ብዙ ጊዜ ኖቬምበር 1፣ ማለትም ጥቅምት 22 ገደማ ይዘጋል፤ መደበኛው ጃንዋሪ መጀመሪያ፣ ማለትም ታኅሣሥ 23 ገደማ። የገንዘብ ፎርሙ የራሱ ቀን አለው፤ ማመልከቻውን በሰዓቱ ልኮ ገንዘቡን ያዘገየ ብዙ ነው። «ኧርሊ ዲሲዥን» የሚባለው ዙር አስገዳጅ ነው፤ የሚላከው ለአንድ ብቻ ሲሆን፣ ከተቀበሉና እርዳታው ከበቃ መሄድ ግዴታ ነው።

የማመልከቻ ክፍያው ለአንዱ ከ50 እስከ 100 ዶላር ይደርሳል። ኮመን አፕ ላይ የክፍያ ነፃ መጠየቂያ ቦታ አለ፤ የትምህርት ቤታችሁ ርዕሰ መምህር ወይም አማካሪ ያረጋግጣል። ካልሆነ በትሕትና ኢሜይል ጻፉ። እህቴ ከጻፈችላቸው አንድም «አይሆንም» ያለ የለም።

ኤስኤቲን በተመለከተ ኤምአይቲ፣ ሃርቫርድ፣ ዳርትመዝና ብራውን የፈተና ውጤትን እንደገና ግዴታ አድርገዋል። ቦውዶይን በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ1969 ግዴታውን ያነሣ ነው። ዝርዝራችሁን በዚህም አጣሩ።

ስማችሁ በፓስፖርቱ፣ በትራንስክሪፕቱና በፎርሙ ላይ አንድ ዓይነት ይጻፍ፤ «መሐመድ» በሦስት ወረቀት በሦስት ፊደል አይጻፍ። ትራንስክሪፕት ላይ ያለው ዓመተ ምሕረት የኢትዮጵያ መሆኑም ይገለጽ፤ አለዚያ 2017 ላይ የተማረ ሰው ከስምንት ዓመት በፊት የጨረሰ ይመስላቸዋል።

«መቶ በመቶ አስገባለሁ» የሚል ደላላን ራቁ። መግቢያን ሊያረጋግጥ የሚችል ሰው የለም። ኤዱኬሽን ዩኤስኤ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የምክር አገልግሎት ምክሩን በነፃ ይሰጣል።

5. ደብዳቤው ሲመጣ

የእርዳታ ደብዳቤ ሲደርስ ድምሩን ብቻ አታንብቡ። በሦስት ክፈሉት፦ የማይመለስ ስጦታ፣ ሥራ፣ ብድር። ሥራው ቀላል ነው፤ የተማሪ ቪዛ ያለው ሰው በትምህርት ወቅት በግቢው ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይፈቀድለታል። ብድሩ ግን ለእኛ የሪባ ጉዳይ ነው፤ ወለድ ካለው ከመፈረማችሁ በፊት የዲን አዋቂ ጠይቁ። ደስ የሚለው ብድር የማይሰጡም አሉ፤ ፕሪንስተን እ.ኤ.አ. በ2001 ብድርን ከእርዳታው አውጥቶ በስጦታ ተክቷል።

ቀጥሎ ክፍተቱን ፈልጉ። ወጪው 85,000፣ ስጦታው 60,000፣ የእናንተ 500 ከሆነ 24,500 ዶላር ባለቤት የለውም። እንደገና እንዲያዩላችሁ በማስረጃ መጠየቅ ነውር አይደለም። ካልሞላ ግን ያ ደብዳቤ ወረቀት ነው። ለአውሮፕላን ትኬት፣ ለሴቪስ ክፍያ 350 ዶላርና ለቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላርም ከወዲሁ አስቡ፤ ለእነዚህ የሚረዱ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፣ ሳይጠየቁ ግን አይሰጡም።

6. እኛ ካምፓስ ያለነውስ?

ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ እንደ አዲስ 12ኛ ክፍል ጨራሽ ማመልከት አይችልም፤ እንደ ዝውውር ተማሪ ነው የሚታየው። ለዝውውር የውጭ አገር ተማሪ ያለው እርዳታ በብዙ ቦታ ከመጀመሪያው ያነሰ ነው። ስለዚህ ለአብዛኞቻችን የተሻለው መንገድ ጨርሶ ለድኅረ ምረቃ ማመልከት ነው።

እዚያ ሒሳቡ ይለወጣል፤ የአባት ገቢ አይጠየቅም። ማስተርስ ብዙ ጊዜ በራስ ገንዘብ ነው። በምህንድስናና በሳይንስ ፒኤችዲ ግን የተለመደው የትምህርት ክፍያ ተነሥቶ፣ የጤና መድንና የወር አበል ተሰጥቶ፣ ተማሪው በምርምር ወይም በማስተማር ረዳትነት እየሠራ መማሩ ነው። ብዙዎቻችን የማናውቀው በብዙ ክፍሎች ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ለፒኤችዲ ማመልከት የሚቻል መሆኑን ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ከአሁኑ ነው የሚሠራው፦ ጥሩ ውጤት፣ የእውነት የሠራችሁት የመመረቂያ ፕሮጀክት፣ ሥራችሁን የሚያውቁ ሁለት ሦስት መምህራን። አመልካች ለፕሮፌሰር ሲጽፍ ጽሑፉን አንብቦ ስለ ሥራው ጠይቆ ይጻፍ፤ ለመቶ ሰው አንድ ዓይነት ኢሜይል መላክ አይጠቅምም።

ፉልብራይትም አለ፤ የአሜሪካ መንግሥት ፕሮግራም ነው። ጨርሶ የተመለሰ ሁለት ዓመት አገሩ እንዲቆይ ግዴታ አለበት፤ ለብዙዎቻችን ይህ ጥቅም እንጂ ጉዳት አይደለም።

ለማጠቃለል

የእህቴ ማመልከቻ ታኅሣሥ ላይ ተልኳል። መልሱ መጋቢት ላይ ነው፤ ስምንቱም «አይ» ሊሉ ይችላሉ። ያን ጊዜ እንደ እኔ በአገሯ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፣ ለድኅረ ምረቃ ታመለክታለች። አንዱ «አዎ» ካለ ግን አባቴ በዚያች ሌሊት የጠየቁኝ «በምን ትከፍላለህ?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ደብዳቤው ላይ ተጽፎ ይመጣል።

ፎርሙን በላክን ማግሥት አባቴ ደውለው ስለ አሜሪካ አልጠየቁም። «ቁጥሩን እንደነገርኳት ነው የጻፈችው?» ብቻ አሉኝ። «አዎ፣ 500» አልኳቸው። «በቃ፣ ቀሪው የአላህ ነው» ብለው ስልኩን ዘጉ።

ታናሽ ወንድም ወይም እህት 12ኛ ክፍል ያላችሁ ይህን አንብቡላቸው። ከመላካቸው በፊት ዝርዝራቸውን አብረን ማየት የምትፈልጉ ጁሙዓ ከሶላት በኋላ አገኛችኋለሁ፤ ደብተርና የወላጅ ገቢ ስሌት ይዛችሁ ኑ። አላህ ያግራልን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።